ጀንበር ሳትጠልቅ የተባለው አዛን

አላህ ይዘንላቸውና፣ ስሟን ባልጠራው በማትቀየመኝ አንዲት አሮጌ የወሎ ከተማ አያ ጦይብ የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ሰማንያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ከዚያ ውስጥ አራቱን በምሥራቁ ጦርነት ዘምተው፣ ሃምሳ ሰባቱን የእትዬ መዲና ባል ሆነው፣ ሠላሳ ስምንቱን በከተማዋ መስጊድ አዛን እያሉ። ሰባት ልጅ አሳድገው ድረዋል። ስለ ጦርነቱ አውሩን ሲባሉ ግን "ሄድን፤ መመለስ የተጻፈልን ተመለስን" ከማለት አያልፉም ነበር።

ከዘመቻ ይዘውት የመጡት የሚያነክስ ግራ እግርና አንዲት የእጅ ሰዓት ነው። ሰዓቷን የሰጣቸው ደምሌ የሚባል የጎጃም ሰው ነበር። ቆስለው ጎን ለጎን ተኝተው ሳለ፣ "አንተ በቀን አምስቴ ትሰግዳለህ፤ ከእኔ ይልቅ ለአንተ ትሠራለች" ብሎ ከእጁ ፈታላቸው። በሦስተኛው ቀን አረፈ። አያ ጦይብ ጧት ጧት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ሰዓቷን ሲሞሉ ደምሌን ሳያነሱት አይቀሩም። ከተሜውም፣ ገበያተኛውም፣ የማርያሙ ቄስ ሳይቀሩ፣ "አያ ጦይብ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" ይሏቸዋል። እውነቱን እንነጋገርና፣ መጠየቁን ይወዱት ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው ናቸው።

አዛን ማለት በጀመሩ በአሥረኛው ዓመት ረመዳን በልግ ላይ ዋለ። ሰማዩ ሳምንት ሙሉ ተደፍኖ ጀንበር ትውጣ ትግባ የሚያውቅ ጠፋ። የከተማው ጾም በአያ ጦይብ ሰዓት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን የዐስርን፣ የከሰዓቱን ሰላት ሰግደው በመስጊዱ በረንዳ ጋደም አሉ። ብንን ሲሉ ሰዓቷ ቆማለች። ለካስ ሌሊቱን ከታመመች የልጅ ልጃቸው ጋር ሲንገላቱ አድረው፣ ጧት መሙላቱን ረስተውታል።

ሄደው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? ከመስጊዱ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ራዲዮ ነበረው። ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ግን አገር እሳቸውን ሲጠይቅ ኖሮ እሳቸው ማንን ይጠይቁ? አፈሩ። በግምት ሞሏትና በግምት አስተካከሏት።

ሰዓቷ መግሪብ፣ የጀንበር መግቢያ፣ ደረሰ ስትላቸው የመስጊዱ ሰገነት ላይ ወጥተው አዛን አሉ። ከተማው ቢስሚላህ ብሎ ቴምሩን ነከሰ። እሳቸውም ጨርሰው ከኪሳቸው አንዲት ቴምር አውጥተው አፋቸው ውስጥ ሲያደርጉ፣ በምዕራብ በኩል ደመናው ከሥሩ ተቀደደ። ጀንበር ከተራራው በላይ ናት። ፊታቸውን ሞቅ አደረገቻቸውና ወዲያው ተመልሳ ተከደነች።

ልብ በሉልኝ። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሾርባውን ይጠጣል፤ ከእሳቸው በቀር ያየ የለም። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው ፍጡር አልነበረም። ቢናገሩ ግን የአሥር ዓመት ስማቸው በአንድ ምሽት ይሄዳል፤ አዛኑንም ይነጠቃሉ። ከጦርነት አንካሳ ሆነው የተመለሱትን ሰው ቀና አድርጎ ያቆማቸው ደግሞ ያ አዛን ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። "ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ ሸፍነኝ" ብለው እንደነበር ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ከዚያ ግን በጦር ሜዳ ዘብ የቆሙበት ጊዜ ትዝ አላቸው። ጓድ እንቅልፍ የሚወስደው ዘቡን አምኖ ነው። ዘቡ ያየውን ከደበቀ ማን ይተርፋል?

ቴምሯን ተፏትና ተነሡ። ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ፣ "ጀመዓዎች፣ አፋችሁን ያዙ። ጀንበር አልጠለቀችም። ጥፋቱ የእኔ የጦይብ ነው" ብለው ተጣሩ።

ሰው ግር ብሎ ወጣ። የሳቀም፣ የተቆጣም፣ እጁ ላይ ሳምቡሳ እንደያዘ የቀረም ነበር። ኢማሙ ሼህ አወል ነገሩን ሰምተው፣ ባለማወቅ የበላ ወንጀል የለበትም፣ ግን ከዒድ በኋላ ሁሉም አንዳንድ ቀን ቀዷ ጾሞ ይተካ ሲሉ ፈረዱ። ይሄኔ ሉባባ የምትባል ልጅ የምታጠባ ሴት፣ አትጹሚ ብትባልም እንቢ ብላ የጾመች፣ ከሴቶቹ መሐል ተናገረች።

"ይህን ቀን እንዴት እንደጨረስኩት አላህ ያውቃል። አያ ጦይብ፣ ያላየነውን ፀሐይ ምነው ባያሳዩን?"

"ልጄ፣ ፀሐይዋን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ" አሉ። "እኔን ያየኝ ግን አለ።"

ከዚያ ሰዓቷ እንደቆመች፣ ባለ ሱቁን መጠየቅ እንዳፈሩ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሰዓቷን ፈተው ከኢማሙ ፊት አኖሩና ከዛሬ ጀምሮ አዛኑን ሌላ ሰው ይበል አሉ። ሼህ አወል ሰዓቷን አንሥተው መልሰው እጃቸው ላይ አሰሩላቸው።

"የማይሳሳት ሙአዚን ከየት እናመጣለን?" አሉ። "ሲሳሳት የሚነግረንን ግን አግኝተናል።"

ዒድ ካለፈ በኋላ ከተማው ተመካክሮ ቀዷውን በአንድ ሰኞ ጾመ። ያን ማታም አዛን ያሉት አያ ጦይብ ናቸው። ለማረጋገጥ ወደ ሰማይ ቀና ያለ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሰገነቱ ላይ ሳይወጡ በፊት ሱቁ ደጃፍ ቆመው፣ መንገደኛው እየሰማ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብለው ይጠይቁ ነበር።

በሞቱ ዕለት ጀናዛቸው ከቤት ሲወጣ፣ እንደ ወጉ፣ ሐቄ፣ ያልከፈሉኝ ዕዳ፣ አለባቸው የሚል ካለ ይናገር ተባለ። ከሴቶቹ ወገን ጠጉሯ የሸበተው ሉባባ ብድግ አለች።

"አንድ ቀን አስጹመውኛል" አለች። "አንድም ቀን ግን አልዋሹኝም። ዐፉ፣ ይቅር ብያለሁ።"

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ሰገነቱን ያነሣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያቺ የሃምሳ እርምጃ መንገድ ናት። አያ ጦይብን ያህል ሰው፣ አራት ዓመት በጥይት መሐል የቆመ ሰው፣ "አላውቅም፣ ንገረኝ" ማለት ከብዶት አገር አስገደፈ። እንግዲህ እኛን ስንቴ ከብዶን ይሆን? የሚያየው ጌታ ጀንበሯ ስትወጣ ብቻ አይደለም የሚያየን፤ ሱቁን አይተን ፊታችንን ስናዞርም ያየናል። አያ ጦይብ ይህን ካወቁ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እያነከሱ ተሻግረው ጠየቁ።