ለቃሬዛ የጠበበ መንገድ

ስሟን ብጠራ ልጆቿን አሳፍራለሁና ስሟን የማልጠራት አንዲት የጥንት መንደር በተራራ ግርጌ ነበረች። ሰዎቿ ገበሬዎች ነበሩ። አፈሯ ጥቁር ነው፤ ጤፍና ማሽላ ያለ ስስት ይሰጣል። የአገሩ ሰው ግን ከአዝመራዋ ይልቅ ዲኗን ያደንቅ ነበር። አዛን ሲሰማ በሬው ባለበት ይቆማል። ዘካው ከአውድማ ሳይወርድ ይወጣል። የሰው ዶሮ የነካ በዚያች መንደር አይገኝም፤ እንዲያውም ዶሮዋ ራሷ የጎረቤት ጓሮ መግባት ታፍራለች እየተባለ ይነገርላት ነበር።

የዚህች መንደር ታላቅ ሸህ ጀውሃር ነበሩ። ጧት በሬ ይጠምዳሉ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ለተማሪዎች ኪታብ ያስቀራሉ። በገዛ እጃቸው ካረሱት በቀር የማንም እህል በአፋቸው አይገባም። በየጁምዓው ስለ ሰው ሐቅ ይመክራሉ፤ ሽማግሌዎቹም ያለቅሳሉ። ለቅሶው ከመለመዱ የተነሳ ከጁምዓ ሲመለስ ዓይኑ ያልቀላ ሰው ካለ፣ «ምነው፣ አሞህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ከመስጊዱ ወደ መቃብሩ የሚወስድ አንድ መንገድ ነበር። የማንም መሬት አይደለም። አባቶች ሲተዉት አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ፣ እየተፈራረቁ የሚቀበሏቸውም በግራ በቀኝ ሆነው እንዲሄዱበት አድርገው ነው። ታዲያ አራሽ የማሳው ጫፍ ሲደርስ በሬ ማዞር አለበት፤ በሬ ደግሞ በአየር ላይ አይዞርም። ስለዚህ ትንሽ ወደ መንገዱ ይገባል። ማረሻ የነካውን አፈር ዘር ሳይበትኑበት መተው አፈሩን ማሳዘን ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በየዓመቱ አንድ ትልም ከወዲህ፣ አንድ ትልም ከወዲያ፣ ሰዎቹ ለአፈሩ ከማዘናቸው ብዛት መንገዱ ጠበበ።

ይህን አፍ አውጥታ የተናገረች አንዲት ባልቴት ብቻ ነበረች። ጦይባ ትባላለች። መሬትም ልጅም የላት፤ የሰው ማሳ እያረመች የምትኖር ናት።

«ወገኖቼ፣ እኔስ እንደ ፍየል በጎኔ አልፋለሁ» ትላለች። «የሞተ ሰው ግን በጎኑ አያልፍም።»

«እቴ ጦይባ ጨዋታ ታውቃለች!» እያሉ ይስቁላት ነበር።

ጦይባ ሞተች። ጊዜው ጤፉ ለማጭድ የደረሰበት፣ ማሽላው ራሱን የደፋበት፣ ባቄላው ገና እሸት የሆነበት ወቅት ነው። ታጠበች፤ ተከፈነች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰገደባት። ጀመዓውም ቃሬዛዋን አንስቶ ወጣ። ጦይባ በሕይወቷም ከባድ ሴት አልነበረችምና የአላህን ምንዳ፣ አጅር ፈላጊው በዝቶ፣ ለመሸከም ሰው ይጋፋ ነበር። ማሳው መሃል ሲደርሱ ግን ቃሬዛው ቆመ።

«ምን ትገተራላችሁ? ሂዱ እንጂ!» አሉ ከኋላ።

«በምን እንሂድ? መንገዱ አለቀ» አሉ ከፊት።

በቀኝ የይመር ማሽላ ነው፤ በግራ የሙሄ ጤፍ። ሁለቱም ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል ናቸው። ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«በማሽላው በኩል ብናልፍስ? ማሽላ ቢረገጥም ቀና ይላል። ይመር ደግሞ፣ ማሻአላህ፣ እጁ ለኸይር የተፈታ ነው» አለ።

«ከእኔ ይልቅ ሙሄ ይበልጣል» አለ ይመር። «እኔ የወንድሜን አጅር አልሻማም።»

«ኧረ ውሰደው፤ ትቼልሃለሁ!»

«ወላሂ አልቀማህም!»

አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ሰዎች በመልካም ሥራ እንዲህ ሲለማመጡ የት አይተሃል? አንዱ የሌላውን ደግነት እያወሳ፣ ራሱን እያሳነሰ፣ ቃሬዛውም በትከሻቸው እየከበደ ቆሙ።

«በገደሉ እንዙር» አለ ሌላው።

«መግሪብ ሊደርስ ሲል? አንተ ራስህ ትወድቅና ሁለት ቀብር ይሆንብናል።»

«እንግዲያስ ቃሬዛውን ጋደል አድርገን እናሾልከው።»

«ብትወድቅስ?»

የተሸካሚዎቹ ክንድ ዛለ። ጦይባን ከመንገዱ ላይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታርመው በኖረችው ጤፍ አጠገብ፣ መሬት አስቀመጧት። የሞተ ሰው ሳይቀበር አይቆይም፤ ፀሐይዋም የይመርንም የሙሄንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ወደ መጥለቂያዋ ትወርድ ነበር። ባልቴቲቱ ቀብሯ ተቆፍሮ እየጠበቃት፣ በሜዳ ልታድር ነው።

ሸህ ጀውሃር ከኋላ ነበሩ። ሰዉን እየገለጡ መጡ።

«ምንድን ነው?»

«መንገዱ ጠቦ ነው፣ አባባ።»

«ማን አጠበበው?»

«በሬ ነው» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«የማን በሬ?»

የሸሁ ፊት ተቆጣ። «የሰውን ሐቅ ስንዝር ያህል እንኳ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ጀመዓው ከልማዱ የተነሳ ለማልቀስ ተዘጋጀ። ሸሁ ግን አቋረጡት። «ቆይ፣ ከፊት ይሰፋ እንደሆነ ልየው» ብለው ብቻቸውን ወደፊት ሄዱ።

ከፊት አልሰፋም። እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ፣ በአንድ በኩል የቅንጭብ አጥር ባለበት ቦታ ላይ፣ ቀጭኑ ሸህ ሳይቀሩ ትከሻቸውን አዙረው የሚያልፉበት ሆነ። ከአጥሩ ትይዩ፣ በሌላው ዳር ለምለም ባቄላ ቆሟል፤ በመንደሩ ያን የመሰለ ባቄላ አልበቀለም። ሸሁ በባቄላው ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። የማን ባቄላ እንደሆነ ጀመዓው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ሙሄ ደግ ሰው ነውና ሊያግዛቸው ፈለገ።

«አባባ፣ የእርስዎ አዝመራ በረካ አለበት» አለ። «ማንም አልገፋውም፤ ራሱ ነው የሰፋው።»

የሸሁ ጆሮ ቀላ። ምርኩዛቸውን መሬት አኖሩ፤ ተንበረከኩ፤ ባቄላውን ከነሥሩ መንቀል ያዙ።

«ኧረ አባባ! ኧረ ይተዉ፣ እኛ እንንቀል!» ብሎ ጀመዓው ሮጠ።

«እናንተ የየራሳችሁን ንቀሉ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ይመር ትንሽ ቆመና ማሽላውን መስበር ጀመረ። ሙሄ ከሁሉ በኋላ ገባ፤ ለእያንዳንዷ የጤፍ ዘለላ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር፤ ግን ገባ። ሸሁ አንድ እርምጃ ያህል ነቅለው ያቆማሉ ብለው ሰዎቹ ጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን አባቶች በመንገዱ ዳር የተከሉትን የድንበር ድንጋይ ሳያገኙ አላቆሙም። ድንጋዩም ከመንገዱ ዳር አልተገኘም። ከባቄላው ውስጥ፣ ማንም ካሰበው በላይ ርቆ፣ ሣር ለብሶ ተገኘ። ሸሁ እጃቸውን በድንጋዩ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከመሬት ማንሳት አቃታቸው።

ቃሬዛው ተነሳ። አራት ሰው ተሸክሞ፣ ተቀባዩ በግራ በቀኝ ሆኖ አለፈ። የተጣለው ማሽላ ከእግር በታች ይንኮሻኮሽ ነበር። ሸሁ በፊት በኩል ተሸከሙ፤ የእጃቸው አፈር ከፈኑን እንዳይነካ ጣታቸውን አጥፈው ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ጦይባ ከመቃብሯ ገባች።

በዚያ አገር ልማድ ቀብሩ ሲያበቃ ሸሁ ወደ ጀመዓው ዞረው፣ «በሟቿ ላይ ሐቅ ያላችሁ አውፍ በሏት» ይላሉ፤ ጀመዓውም «አውፍ ብለናል!» ይላል። ያን ቀን ጀመዓው ይቅር ለማለት አፉን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ሸሁ ወደ ጀመዓው አልዞሩም። ወደ ቀብሩ ዞሩ።

«እህቴ ጦይባ፣ አውፍ በይን» አሉ።

ጥቂት ጠበቁ፤ መልስ የሚመጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ቢስሚላህ ብዬ የጀመርኩት ትልም ሁሉ ሐላል መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ማልቀስ የለመደው ጀመዓ በዚያ ቀን አንድም እንባ አላፈሰሰም። እርስ በእርሱም አልተያየም፤ እያንዳንዱ የገዛ እግሩን እያየ ቤቱ ገባ።

የዚህ የሸሁ ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው? እኛ ምክር ሰምተን በሌላው ጆሮ የምናፈስ ሰዎች ነን። የዚያች መንደር ሰዎች ግን የሸሃቸውን ቃል በልባቸው እንደያዙት በእማኝነት እናገራለሁ። ሸሁ እስኪሞቱ ያችን የመንገድ ጠርዝ ዳግም አላረሷትም። እሳቸው ካለፉ በኋላም ማሳው ለልጆች፣ ከልጆች ለልጅ ልጆች ሲተላለፍ ትምህርቱ አብሮ ተላለፈ። አራሹ ማሳውን በቢስሚላህ ይጀምራል፤ ከመንገዱ ዳር ሲደርስ ግን ምላሱን ይሰበስባል። የአላህን ስም እዚያ ላይ አይጠራም። አንገቱን ደፍቶ፣ በሬውን በዝምታ ያዞራል፤ ያችን ወደ መንገዱ የምትገባ አንዲት ትልም በዝምታ ያርሳታል፤ በዝምታም ይዘራባታል።

ይህን ሰምቶ የሚፈርድባቸው አይጠፋም። እኔ አልፈርድም። የቀደሙት መንገዱን በአላህ ስም ይወስዱት ነበር፤ የዛሬዎቹ በራሳቸው ስም፣ ያውም እያፈሩ ነው የሚወስዱት። ሐያእ፣ ማለትም ሐፍረት፣ የኢማን ክፍል እንደሆነ ደግሞ ማንም የሚክደው አይደለም። ስለዚህ እኔ የምጨምረው አንድ ዱዓ ብቻ ነው፦ አላህ የዚያችን መንደር ሰዎች ዕድሜ ያርዝምልን፤ ቢያንስ አዝመራው እስኪሰበሰብ።