የማንጠግቦሽ «ዋ»

ጠጋ በሉ እስቲ። ድሮ ነው፤ ጉም ከወንዝ ላይ እስከ ቀትር በማይነሳበት ዘመን። እናንተማ ድልድይ ላይ ተወልዳችሁ ውሃ መፍራትን ከየት ታውቁታላችሁ!

በዚያ ዘመን በዚሁ በወንዛችን ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። በበጋ ይንቋታል፤ ክረምት ሲገባ «እመቤቴ» ይሏታል። ለምን ቢባል፣ መሻገሪያውን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ባሏን ውሃ ወሰደባት። አለቀሰች፣ አለቀሰች፤ ሲበቃት ዘንጓን ይዛ ወንዙ ውስጥ ገባች። በጋውን ሙሉ የውሃውን ሆድ በዘንግ ስትነካካ ከረመች። የቱ ጋ ድንጋይ፣ የቱ ጋ ጥልቅ እንደሆነ ለየች። ከዚያ ወዲያ መንገደኛ አሻጋሪ ሆነች።

መንገደኛው ግን ቋንቋው ብዙ ነው። ከደጋ የሚወርድ አለ፤ ከቆላ የሚወጣ አለ፤ ከማዶ ጫካ ማር ይዞ የሚመጣ አለ። እሷ ከእናቷ ቋንቋ ሌላ አታውቅም። ጉሙም ሰው አያሳይም። ስለዚህ ከወዲህ ሆና «ዋ!» ትላለች፤ ከወዲያ «ዋ!» ይሏታል። ሳይመለስለት ውሃ የሚገባ የለም።

«ዋ» በእኛ ቋንቋ «ተጠንቀቅ» ነው። ቆለኞቹ «ማነህ?» ማለታችን ነው አሏት። ማር ቆራጮቹ «አለሁ» ማለታችን ነው አሏት። አንዱ ደግሞ፣ ከየት እንደመጣ እንጃለት፣ በአገሬ ሕፃን አፉን ሲፈታ የሚላት ናት ብሎ ሳቀ። እሷም ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉንም ወደደች። ጭቃዋን ስታቦካ ብቻዋን «ዋ፣ ዋ» እያለች ትስቅ ነበር አሉ።

ኋላ ክፉ ቀን መጣ። አንድ ማር ቆራጭ በቀፎ ተጣልቶ ወንድሟን ይርዳውን ገደለባት። ገድሎ ጠፋ።

በነሐሴ ወንዙ ሞላ። አንድ ጠዋት ከጉሙ ውስጥ «ዋ!» የሚል ድምፅ መጣ። ገዳዩ ነው። ወንዙ መሃል ካለ ደለል ላይ ቆሞ፣ ውሃው በግራም በቀኝም ከቦታል። ድምፁን ለየችው። አሮጊት እናቷ ከጎኗ ነበረች፤ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት።

«ዝም በይ። የልጄን ደም ውሃው ይመልስልኝ።»

ማንጠግቦሽ ዝም አለች። ሰውዬው ደግሞ ተጣራ። አሁንም ዝም አለች። ኋላ ድምፁ ቀጠነ።

«እማዬ» አለች፣ «ዝም ካልኩማ ገዳዩ ሁለት ሆነ።»

ከዚያ «ዋ!» ብላ መለሰች፤ መልሳም ገባች። ጎትታ አወጣችው። ካወጣችው በኋላ ግን ፊቱን ማየት አቃታት፤ ዳር ላይ ተቀምጣ ወንድሟን አለቀሰች።

ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ እናቲቱ ደጅ ወደቀ። በየማለዳው ይመጣል፣ «ዋ» ይላል፣ የሚመልስለት የለም። ማንጠግቦሽም ልመልስ አላለችም፤ ይህኛውን «ዋ» መመለስ የእናቷ ነው። መስከረም አለፈ። ጥቅምት ገባ። አንድ ማለዳ እንደ ልማዱ «ዋ» ሲል፣ አሮጊቷ ከውስጥ፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «ዋ» አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ በአገራችን ለእርቅ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ «ዋ» ይላል። ተበዳዩ ከውስጥ እስኪመልስ ድረስ ሽማግሌ አፉን አይከፍትም። አንዳንዱ ቤት ዓመት ይፈጃል። ይጠበቃል።