የማይወድቀው ሽኮኮ

አንድ ጌም ሠሪ ነበሩ፤ አቶ ዘርጋው ይባላሉ። በወጣትነታቸው ቀይ ጫማ ያደረገ ሽኮኮ ሣሉና ቦርቄ አሉት። ቦርቄ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ገደል ይሻገራል፤ ጌሙ ይኸው ነው። በአንድ ወቅት ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ ቦርቄን ሲያዘልል ይውል ነበር። ቲሸርት ላይ ወጣ፣ የደብተር ሽፋን ላይ ወጣ፤ አንድ ፀጉር አስተካካይማ «ቦርቄ» የሚባል አቆራረጥ ጀምሮ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ልጆቹ አደጉ፣ ታናናሾቻቸው ሌላ ጌም ያዙ። አንድ ቀን አቶ ዘርጋው ቦርቄ ያለበትን ቲሸርት ለብሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ አጠገባቸው የነበረች ሕፃን «አባባ፣ ይቺ አይጥ ማናት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሳቸው በኋላ ስማቸውን የሚያስጠራው ቦርቄ ብቻ ነው፤ እሱም አይጥ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ ትርንጎ የምትባል ፊልም ሠሪ «ቦርቄን ፊልም ላድርገው» ብላ ስትመጣ ደስታቸው ወሰን አጣ። የጻፈችውን የፊልም ድርሰት ተቀብለው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ተቀመጡ።

«ገና በመጀመሪያው ገጽ ገደል ይገባል ይላል» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ቦርቄ አይወድቅም።»

«እሺ ጋሼ፣ ገደሉን አይቶ ይፍራ።»

«ቦርቄ አይፈራም።»

«ጓደኛው ይክዳው።»

«ማን ደፍሮ?»

«ታዲያ ቢያንስ ይራበው እንጂ ጋሼ፤ ምን ብዬ ላንቀሳቅሰው?»

አቶ ዘርጋው አሰቡበት። «ትንሽ ይራበው። ሰው ፊት ግን አይደለም።»

ትርንጎ ስድስት ጊዜ ጽፋ አመጣች፤ እሳቸውም ስድስት ጊዜ ሰረዙ። ቦርቄ የሚያለቅስበት ቦታ ተሰርዞ «ዓይኑ ውስጥ አቧራ ገባ» ተባለ። በኋላ አቧራውም ተሰረዘ፤ ቦርቄ ሁልጊዜ ንጹሕ ነውና።

በመጨረሻ ትርንጎ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይጫወቱት» አለች።

አቶ ዘርጋው ጌሙን ሠርተው ከጨረሱ ወዲህ ተጫውተውት አያውቁም። ቦርቄን የሚያዩት ቢሯቸው ግድግዳ ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ እንደቆመ ነው። ስልኩን አንስተው በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ቦርቄ ዘለለና ገደል ገባ። ደግመው ነኩት፤ ደግሞ ገባ። ዘጠኝ ጊዜ ገባ። በአሥረኛው ሲሻገር አቶ ዘርጋው ሳይታወቃቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነበር።

«ልጆቹ የወደዱት ይሄንን ነው» አለች ትርንጎ። «ገደል ሲገባባቸው፣ ተናደው እንደገና ሲያስነሡት ነው ያደጉት። የማይወድቀውን ቦርቄ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አቶ ዘርጋው ስልኩን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ልባቸው ተነክቷል፤ ልክ መሆኗም ገብቷቸዋል። ግን ሰው የገባውን ሁሉ መቼ ያደርጋል?

«እሺ ይውደቅ» አሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ያውም ዝቅ ካለ ድንጋይ ላይ፤ ከሥሩም ፍራሽ ይነጠፍለት።»

ትርንጎ ወረቀቷን ሰብስባ፣ እጅ ነሥታ ወጣች። በዓመቱ ከሌላ ጌም የመጣች አንዲት አህያ ፊልም ተሠራላት። አህያዋ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለች፣ ተሰረቀች፣ የሰው ሠርግ ድንኳን ጥሳ ገባች፣ በመጨረሻም ቤቷን አገኘች። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲስቅ ቆይቶ አለቀሰ። ካለቀሱት አንዱ አቶ ዘርጋው ነበሩ፤ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሰዎች ግን አቧራ ነው አሏቸው።

ቤታቸው እንደገቡ እሳቸው ዘንድ የቀረውን የቦርቄን ድርሰት ቅጂ አወጡና፣ ከቀይ እስክሪብቶ የተረፈውን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ እቴነሽ አነበቡላቸው።

«ቦርቄ ከዋሻው ይወጣል። ፀሐይ ይሞቃል። ፈገግ ይላል። ተፈጸመ።»

ወይዘሮ እቴነሽ ሹራባቸውን እየሠሩ ትንሽ ጠበቁ።

«ከዚያስ?» አሉ።

አቶ ዘርጋው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

አንዳንዱ የጌም ጀግና ለምን ፊልም እንደማይሠራለት የሚጠይቅ ካለ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጠላቱ አይደለም ያስቀረው፤ አብዝቶ የሚወደው ሰው ነው። ውድቀቱን ሲሰርዝለት ታሪኩንም አብሮ ሰረዘው። እኛም ስለ ራሳችን ስናወራ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃችን አይጠፋም፤ የፈራንበትን፣ የተሸነፍንበትን፣ ያለቀስንበትን እየዘለልን የምናወራው ደረታችንን ነፍተን የቆምንበትን ብቻ ነው። የሚወዱን ሰዎች ግን የወደዱን ከገደል ስንወጣ አይተው ነው።

እርስዎስ ሕይወትዎን ለአንድ ልጅ ቢያጫውቱትና «ከዚያስ?» ቢልዎት፣ ሳይሰርዙ ያስቀሩለት ነገር አለ?