የፊታውራሪ አምበርብር አዳራሽ ወለል

ፊታውራሪ አምበርብር ቤቱ ለእንግዳ ጠበበኝ ብለው፣ አዳራሽ ሊቀጥሉበት በጭሰኞቻቸው ጉልበት መሠረት አስቆፈሩ። ቀጥለው ሁሉንም ሰበሰቡና፣ «ወለሉ እንጨት ይሁን ድንጋይ? እናንተው ምረጡ» አሉ።

እንጨት ያለ እንጨት ሊሸከም፣ ድንጋይ ያለም ድንጋይ ሊፈነቅል መሆኑ ስለገባው ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ማሳዋን አረም እየዋጠባት ያለች አንዲት ባልቴት ግን እንደ ደንቡ ግንባሯን መሬት አስነክታ ተነሣች።

«አፈር ይሁን፣ ጌታዬ። እርስዎ ወለሉን የሚያውቁት በጫማዎ ነው፤ እኛ በግንባራችን ነው። ድንጋዩ ይልጠናል፣ እንጨቱም በስንጥር ይወጋናል።»

«እኔ አፈር ላይ እንግዳ ልቀበል?»

«እሱስ እውነትዎን ነው። እንግዲያው ስግደቱን ይተውልንና ድንጋዩን ዛሬውኑ ተሸክመን እንምጣ።»

ፊታውራሪ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። ከድንጋዩና ከስግደቱ ስግደቱን መረጡ፤ አዳራሹም በአፈር ወለሉ ተመረቀ።