ሳይደፈርስ ያደረው ውሃ

አንድ የተሳላሚዎች ከተማ ነበረች። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን በነጠላ ነጭ ያደርገው ነበር። የከተማው ሰው በዋዜማው ውሃ አሙቆ በየደጁ ይጠብቅና የእንግዶቹን እግር ያጥባል። እግሩ ታጥቦ ሳያልቅ እንግዳን ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በከተማዋ መግቢያ ደርበው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ከአባቱ በወረሰው የእንጨት ገበቴ የተሳላሚ እግር ሳያጥብ ያለፈ ገና አልነበረም።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የከተማው ልጆችና ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ያሉ ልጆች ተታኮሱ፤ መንገዱም ተዘጋ። የዚያ ዓመት የገና ዋዜማ ደርበው ደጁ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር መልሶ ያሞቀዋል፤ የሚመጣ ግን የለም።

ጎረቤቱ አያ ውበቱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ “ደርበው፣ ዘንድሮስ የራስህን እግር ብታጥብበት ይሻልሃል” አሉት።

“የእኔማ ከደጅ አልራቀ፣ ምኑ ይታጠባል?”

አያ ውበቱ ትንሽ ሳቁ። ልጃቸው በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ ደርበው ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተመርኩዘው ብቻቸውን መጡ። ደርበው ደስ ብሎት በርጩማ አቀረበላቸው። ሊንበረከክ ሲል ግን አያ ውበቱ አንገታቸውን አስግገው ሲመለከቱ አየ። ምን ይሉኝ ይሆን ብሎ ፈራ። ጎረቤቱ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?” አላቸው።

አሮጊቷ ወደ ገበቴው የዘረጉትን እግር መለሱ።

“ከወንዙ ማዶ ነኝ።”

ደርበው ወደ አጥሩ ዞሮ አየ።

“በየዓመቱ ስታጥበኝ ጠይቀኸኝ አታውቅም ነበር፣ ልጄ” አሉት ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ እግራቸውን አየ። ወደ ውስጥ የተጣመመውን አውራ ጣት አወቀው፤ እንዳያማቸው እየተጠነቀቀ ስንቱን ገና አጥቦታል። ፊታቸውን ግን አያውቀውም፤ ሁልጊዜ ጎንበስ እንዳለ ነበር። እሱ ግን አልተንበረከከም፤ አሮጊቷ ተነሥተው በአቧራማ እግራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ አያ ውበቱ፣ “ያቺን ሴትዮ ለምን መለስካት?” አሉት።

“እርስዎን ፈርቼ ነው፣ አያ። በልጅዎ ሐዘን ላይ...”

“ልጄ የወደቀው እዚያ ማዶ ነው። ማን እንደቀበረው አላውቅም” አሉ ሽማግሌው። “እግሯ ታጥቦ እስኪያልቅ ነበር የምጠብቀው። ከዚያ ልጠይቃት።”

ደርበው ወደ መንገዱ ሮጠ፤ አሮጊቷ ግን ሄደዋል። ሲመለስ ገበቴው ትናንት እንደተወው ደጁ ላይ ነበር። ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የገበቴው ወለል ይታያል። ሊደፋው እጁን ሰደደና አፈረ።

እኛም መንገዱን ጦርነት ዘጋብን እንላለን፤ እውነት ነው፣ ዘግቶታል። ያቺ እናት ግን የተዘጋውን መንገድ አልፋ መጥታ ነበር። የመለሳት የአንድ ሰው ደጅ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብለን የምናባርረው እንግዳ፣ ያ የፈራነው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀውን መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል።

እናንተስ፣ በዚህ ገና ደጃችሁ ለሚቆም ሰው የምታስቀድሙት ውሃውን ነው ወይስ ጥያቄውን?