በእንዶድማ ነውር ለምን ይቀድማል

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለችው በእንዶድማ ዛሬም ሰርግ ሲደገስ፣ የሙሽራው ሽማግሌ ተነሥቶ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ሙገሳ አይደለም። «ልጃችን ሲናደድ ራቱን አይበላም፤ ደግሞም ያንኮራፋል» ይላል፤ የሙሽሪት ወገንም በተራው «የኛዋ ምስጢር አይቋጠርላትም» ብሎ ይመልሳል፤ ምርቃቱና ውዳሴው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በሬ የሚለውጥም ሰው በሬው የት የት እንደሚለግም ሳይናገር ስለ ጉልበቱ አያወራም። እንግዳ ይህን አይቶ ሲገረም፣ የሀገሬው ሰው «በኛ ዘንድ ነውር ይቀድማል» ይለዋል። ወጉ የተጀመረው ግን በሰርግም በበሬም ሳይሆን በጠመንጃ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ጠመንጃ በሀገሩ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ የእንዶድማ ወንዶች እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአገረ ገዥው በፊታውራሪ ናደው ደጅ ካለው ሾላ ሥር ይሰበሰቡና፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያወዳድሩ ነበር። የዝናብ ነገር፣ የአዝመራ ነገር፣ የልጅ መታመም እንኳ በዚያ ሾላ ሥር ከጠመንጃ ወሬ ቀድሞ አይነሣም ነበር ይላሉ።

«ምንሽሬ አምስት ትጎርሳለች» ይላል ባሻ እንየው። «ያንተ ውጅግራ አንድ ጎርሳ አንድ እስክትተፋ ጠላት ምሳውን በልቶ ይሄዳል።»

«ብትጎርስስ? አንተ መች አጉርሰሃት ታውቃለህ!» ይላል ጎረቤቱ ታሰው፣ ውጅግራውን እየደባበሰ።

«የውጅግራስ ጭሷ! ተኩሰህ ብትደበቅ አንተ ያለህበትን ለሀገር ሁሉ ትናገራለች።»

«ሁላችሁም የተሸከማችሁት ሸክም ነው» ይላሉ ፊታውራሪ፣ ከካባቸው ሥር ሽጉጣቸውን ብቅ እያደረጉ። «ወንድ ሲፈልግ የሚመዘውን፣ ሳይፈልግ የሚሰውረውን ይታጠቅ እንጂ!»

የባሻ እንየው ምንሽር በቀይ ከፋይ ጨርቅ ተጠቅልላ ትኖር ነበር። ሰደፏን በለጋ ቅቤ ያሻታል፤ አፈሙዟ ላይ የብር ቀለበት አሠርቶላታል፤ ጥይቷ እንዳያልቅበት ሲሳሳ ግን ከገዛት ጀምሮ ሁለቴ እንኳ አልተኮሳትም ይባላል።

በዚያው ዘመን የእንየው ታናሽ ወንድም ቢምረው ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። ሚስቱ አንጓች ከሁለት ሴት ልጆቿና ከባሏ ወጨፎ ጋር ቀረች። ወጨፎዋ ሰደፏ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረች፣ አሮጌ ጠመንጃ ነበረች፤ ቢምረው አንድ ክረምት ወንዝ ሲሞላበት ምርኩዝ አድርጓት ስለተሻገረ አፈሙዟም ትንሽ ጎብጧል። አንጓች በመጀመሪያው ዓመት ማሽላዋን የሚጨርሱትን ዝንጀሮዎች ልታባርር ብትተኩስ፣ ዝንጀሮው ቆሞ ሲያያት ከጎኑ የነበረው ዱባ ተበተነ። በሁለተኛው ጥይትም እንዲሁ ሆነ። አንጓች ግን አልተቆጣችም፤ ዝንጀሮው ወደ ነበረበት የእርሻው አጥር ሄዳ ካለመችበት እስከ ተመታው ድረስ ያለውን በክንዷ ለካች። አንድ ክንድ ከስንዝር ወደ ግራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝንጀሮውን ስትፈልግ ከዝንጀሮው በስተቀኝ ያለውን ታልም ጀመር፤ ዝንጀሮዎቹም እርሻውን ትተው ሄዱ።

የቢምረው መሬት ግን የነፍጥ መሬት ነበር፤ ዘመቻ ሲታወጅ አንድ ተኳሽ ለሚያወጣ ቤት የተሰጠ። በመስቀል ማግስት ባሻ እንየው በፊታውራሪ ፊት ቆሞ፣ «የወንድሜ ቤት ነፍጥ አንሺ የለውም፤ መሬቱ ለእኔ ይገባል» አለ። መሬቱ ከሄደ አንጓች ልጆቿን ይዛ የምትገባበት ደጅ አልነበራትም። ይህን ሰምታ ከሾላው ሥር መጣችና፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ጌታዬ፣ ነፍጥ አንሺዋ እኔ ነኝ» አለች።

ሾላው ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። ፊታውራሪም ሳቁ፤ ነገር ግን የጠመንጃ ፉክክር የሚሉት ነገር ከተነሣ ሌላው ሁሉ የሚጠፋባቸው ሰው ነበሩና፣ «እንግዲያው በዒላማ ይለይ! እግረ መንገዳችንን የማናችን ጠመንጃ እንደሚበልጥም ይታወቅልን» ብለው ፈረዱ። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥይት ተፈቀደ፤ አመድ የተሞላ ቅል ከሸለቆው ማዶ በግራር ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ።

ከቅሉ በስተቀኝ፣ ከዚያው ግራር ሥር፣ የፊታውራሪ በቅሎ ታስራ ቆማ ነበር። የበቅሎዋ ጠባቂ ሊያነሣት ቢሮጥ ባሻ እንየው ጮኸበት። «ተዋት! የኛ ጠመንጃ ዒላማ የሚስት መሰለህ?» ታሰውም «በቅሎዋ ከተነሣችማ ስድብ ነው» አለ፤ ፊታውራሪም ከሰው እንዳያንሱ፣ ልባቸው እየፈራ፣ «ትቁም» አሉ።

ታሰው ተኮሰ፤ ጭሱ ሲገፈፍ ቅሉ እንዳለ ነው። ሦስቱንም ጨረሰና «ጭሱ ነው ያሳሳተኝ» አለ። ፊታውራሪ ሽጉጣቸውን ተኮሱ፤ ጥይቷ ሸለቆውን እንኳ አልተሻገረችም። «ሽጉጥ የቅርብ ወዳጅ ናት» ብለው መልሰው አስገቧት። ባሻ እንየው ቀዩን ከፋይ ቀስ ብሎ ገለጠ፣ ፎከረ፣ ተንበረከከ፣ ተኮሰ። የመጀመሪያውን ነፋስ ወሰደው አለ፤ ሁለተኛውን ቅሉ ተወዛወዘ አለ፤ ሦስተኛው የት እንደገባ ማንም አላየም፤ ቅሉን የሰቀለውን ሰው ሰደበና ተቀመጠ።

አንጓች ወጨፎዋን ይዛ ስትወጣ ወደ ፊታውራሪ ዞር አለች። «ጌታዬ፣ ሳልተኩስ የምናገረው አለኝ። ጠመንጃዬ ነውር አለባት። በዚህ ርቀት፣ ከደጄ እስከ እርሻዬ አጥር ያህል በሚሆነው፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ወደ ግራ ትጥላለች።»

«ሰማችሁ?» አለ እንየው እየሳቀ። «ሳትስት ሰበብ አዘጋጀች!»

«ሰበብ አይደለም፣ አያ እንየው። ቅሉን ለማግኘት በቅሎዋን ማለም ስላለብኝ ነው።»

የበቅሎዋ ጠባቂ እሪ አለ። ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «በይ ቆይ፣ ትነሣ!» አሉ።

«አይነኳት፤ የማልምበት ምልክት ቸግሮኝ ነበር። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ልክ ቦታው ላይ ነው» አለች አንጓች፤ ተንበርክካም አነጣጠረች። በዚያች ቅጽበት አንድ ክንድ ከስንዝር ያህል ስፋት ባለው አየር መካከል ልጆቿ፣ ቤቷና የባሏ መቃብር ያለበት ቀዬ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እርሷ ግን የምታየው ያቺን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነበር ይላሉ። ቃታውን ሳበች።

ቅሉ ተፈረካከሰ። አመዱ በበቅሎዋ ላይ ዘነበ፤ እርሷም ገመዷን በጥሳ፣ ነጭ ሆና፣ ጠባቂዋን አስከትላ ሸመጠጠች። ከፊታውራሪ ግቢ አጥር በስተጀርባ ሆነው የሚያዩት ሴቶች እልል አሉ።

«ዕድል ነው!» አለ እንየው።

«እንግዲያው ሌላ ቅል ይሰቀል» አለች አንጓች። «በቅሎዋም ስለሄደች፣ አንተ ያን ቀይ ከፋይህን ከቅሉ በስተቀኝ አንድ ክንድ ከስንዝር ለክተህ ስቀልልኝ።»

እንቢ ቢል መፍራቱ ነውና ራሱ ተሻግሮ፣ ራሱ ለክቶ ሰቀለ። አንጓች በሀገሩ ሁሉ ፊት የዋርሳዋን የእንየውን ከፋይ አለመች፤ ሁለተኛው ቅልም ተበተነ። ከፋዩን አምጥተው ቢዘረጉት ቀዳዳ አልነበረበትም። ሦስተኛዋን ጥይት ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻትና «ይቺ ለዝንጀሮዎቹ ትሁን» አለች።

ፊታውራሪ መሬቱን ለአንጓች አጸኑላት፤ ከሾላውም ሥር መቀመጫ ሰጧት። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሾላ ሥር የጠመንጃውን ነውር ሳይናገር የሚያወድስ ሰው አይቀመጥ። እኔ ልጀምር፦ ሽጉጤ ከአጠገቤ ካለ የጠላ ጋን አልፋ አትመታም» አሉ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ታሰውም የውጅግራውን ጭስ አመነ። ባሻ እንየው ግን ከፋዩን ጠቅልሎ ሄደ።

ለሦስት እሑድ አልታየም። በየማለዳው ግን ከበረሃው አፋፍ የምንሽር ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የሳሳላቸውን ጥይቶች አንድ በአንድ በጉቶ ላይ እየጨረሰ ኖሯል። በአራተኛው እሑድ መጣ። ምንሽሯ ከፋይ አልለበሰችም፤ የብር ቀለበቱም ወልቋል። አንጓች ወጨፎዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ከታሰው ጎን ተቀምጣ ነበር። እንየው በፊቷ ቆመ።

«ምንሽሬ ግማሽ ክንድ ሽቅብ ትጥላለች» አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ጨመረ። «እኔም የሙት ልጆች መሬት እመኛለሁ።»

የሰው ነውር በእንዶድማ ሲነገር የዚያን ቀን የመጀመሪያው ነበር ይባላል። አንጓች ዋርሳዋን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም ወደ ጎን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለትና፣ «በል ተቀመጥ፤ አሁን አወድሳት» አለችው።

ሾላው ዛሬም አለ። የዘመኑ ጎረምሶች ክላሻቸውን አንግተው ከሥሩ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተነሥቶ «የኔዋስ ምንም ነውር የለባትም» ያለ እንደሆነ፣ ሽማግሌዎቹ አይከራከሩትም። ወደ በረሃው አፋፍ በጣታቸው ያመለክቱታል፤ እርሱም እያፈረ ተነሥቶ፣ ጉቶ ፍለጋ ይሄዳል።