የአስናቀ ሳጥን

ሉባባ ይማም የሥራ ሂሳቧን ባስገባች ማግስት፣ አቶ አስናቀ አንዲት መስመር ሰርዞ መለሰላት። ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ልክ በተጣሉ ቁጥር ከአንዱ አፍ የምትወጣ አባባል አለች፤ የተወለደችው ከዚያች ስርዝ ነው።

ሉባባ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ተቀጥሮ መሥራት ቶሎ የሰለቻት፣ በአንድ ሚክሰርና በጥቂት ሠራተኞች አርማታ የምትሞላ ሥራ ተቋራጭ ናት። አስናቀ ደግሞ የአሸዋ ነጋዴ ነው። መጋዘን ሲያሠራ ወለሉን እንድትሞላለት አስጠራት፤ ገና ስለ ዋጋ አፏን ስትከፍት በእጁ አስቆማት።

«ሜትር ኩብ እንዳትይኝ። አይታይ፣ አይዳሰስ። ያለፈው ተቋራጭ በእሱ ነው የላጨኝ። እኔ የማምነው ሳጥን ነው። ሚክሰሩ ውስጥ ለምትጨምሪው ለያንዳንዱ ሳጥን አሸዋና ጠጠር፣ ከክምሬ አንድ ሳጥን አሸዋ ትወስጃለሽ። ብር በመሃላችን አይግባ።»

ግንበኛ አሸዋና ጠጠር የሚሰፍረው በእንጨት ሳጥን ስለሆነ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ሉባባ በሐሳቧ አሰላችው፤ ያዋጣል። ደግሞም አሸዋው ያስፈልጋታል። የጤና ጣቢያ ወለል ለመሙላት ተዋውላለች፤ ክረምቱ ደርሷል፤ የቦርከና ወንዝ ከሞላ አሸዋ የሚያወጣ የለም። ከዚያ በፊት አሸዋ ካላከማቸች ሥራው ለሌላ ይሄዳል፣ ሠራተኞቿም ይበተናሉ።

«ተስማማሁ» አለች።

ሳጥኑ በማግስቱ መጣ። አስናቀ ለብቻው ያሠራው ነው፤ ግንበኛ ከሚያውቀው ሳጥን በስንዝር ይረዝማል፤ ሳጥኑ ሲረዝም የሚቆጠረው ያንሳል። ፎርማኗ አራጋው ዞሮ ዞሮ አየው።

«ኢንጂነር፣ ይኼ የአሸዋ ሳጥን ነው የሬሳ?»

«የማን ሬሳ እንደሚገባበት ወደፊት እናያለን» አለችና ወደ አስናቀ ዞረች። «ጋሽ አስናቀ፣ ሳጥኑ ይርዘም። ግን አሸዋ በጨመረ ቁጥር አርማታው ይላላል፤ ስለዚህ ሲሚንቶውንም ይጨምራሉ።»

«ሲሚንቶ የኔ ወጪ አይደለም እንዴ? እስቲ ላላ ይበል፤ መጋዘን እንጂ ቤተ መንግሥት አልሠራሁ።»

«ወለሉ የእርስዎ ነው፤ ስሙ ግን የኔ ነው። የላላ አርማታ አልሞላም።»

አስናቀ እያጉረመረመ ሲሚንቶውን ጨመረ። ነገር ግን ሰውን የማያምን ሰው ነውና ሌላ ስጋት ገባው፤ ልጅቱ ሌሊት ሳጥኑን አሳጥራ ብታመጣውስ? ብረት አግሎ ስሙን በሳጥኑ ጎን ላይ ተኮሰበት። ያም አልበቃውም። በእህል ገበያ ወግ፣ ሁለት ሰዎች የተስማሙበት መስፈሪያ ሂሳቡ እስኪዘጋ ከምስክር እጅ አይወጣም። አስናቀ ይህን ወግ ጠቅሶ፣ ሳጥኑ ማታ ማታ አባባ ይመር ቤት እንዲቆለፍበት ጠየቀ። አባባ ይመር ዕድሜያቸውን እህል ሲሰፍሩ የኖሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው ግን ጎደሎ ቁና ከሙሉው የሚለይ ሽማግሌ ናቸው።

«ሁለታችሁም በዚህ ትገዛላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«በዚህ» አለ አስናቀ፣ ከሉባባ ቀድሞ።

ወለሉ ተሞላ። ውሃ ሲደፉበት ሳያቁር ወደ መውረጃው ይሄዳል። መኪና ከነጭነቱ ቢገባበት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላሳየም። የሠፈሩ ሰው እየመጣ አየው፤ ሉባባም ሲያዩት ቆማ አየቻቸው፤ ልኩን ስለምታውቀው ትሕትና አላበዛችም። ከዚያ ሂሳቧን አዘጋጅታ አስገባች። መጨረሻ ላይ «ክፍያው ሥራው በተሰፈረበት ሳጥን ይሰፈር» ብላ ጽፋ ነበር። አስናቀ የሰረዛት መስመር ይህች ናት።

ሉባባ ቢሮው ስትገባ ጠረጴዛው አጠገብ አንድ ሳጥን ተቀምጧል። አጭር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሳጥን ነዋ። እኔ አሸዋ የምሸጠው በዚህ ነው። አንች ሳጥን አልሽ፣ እኔም ሳጥን አልኩ፤ ተስማማን።»

«ስንት ዓይነት ሳጥን አለዎት?»

«ለሥራ ሌላ፣ ለሽያጭ ሌላ። ንግድ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይኼን አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውኛል። አባባ ይመርን ያስጠራኋቸው ለዚህ ነው።»

በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው አራጋው ረጅሙን ሳጥን ተሸክሞ ገባ። ከአጭሩ ጎን አስቀመጠው። አባባ ይመር ጎንበስ ብለው የሁለቱንም ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«አስናቀ፣ ስምህ ያለው በየትኛው ላይ ነው?»

«እሱማ አባባ . . . እሱ እኮ በስንዝር ይበልጣል።»

«ከምን ይበልጣል?» አለች ሉባባ።

አራጋው ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። አስናቀ ላቡን ጠረገና ድምፁን አለሳለሰ።

«እሺ፣ ልጄ፣ መሃል ላይ እንገናኝ። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እንስፈር።»

«ወለልዎን አንዴ በሲሚንቶ፣ አንዴ በአፈር አልሞላሁትም።»

«ትንሽ እንኳ ቀንሺልኝ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው ወለሉን አይቶታል። የኔን ነገር ወለሉ ይናገራል፤ የእርስዎን ሳጥኑ ይናገር። መኪናዬ ክምሩ አጠገብ ቆሟል። ይፈርሙልኝ።»

ሂሳቡን ፊቱ ዘረጋችለት። አስናቀ ሽማግሌውን አየ፤ ከሽማግሌው ፊት እርዳታ አላገኘም። እስክሪብቶውን አነሣና የሰረዛትን መስመር መልሶ ጻፋት፤ ፈረመም። ሉባባ ወረቀቱን ተቀበለች። አራጋው ረጅሙን ሳጥን አንሥቶ ቀድሟት ወጣ።

«አባባ» አለ አስናቀ ከኋላዋ፣ በለቅሶ ድምፅ፣ «ክምሬ እኮ ባዶ መቅረቱ ነው። ቢያንስ አፉን ጎደል አድርገው ይስፈሩ ቢሏት ምን አለበት?»

ሉባባ ዞር ብላም አላየችው። ወጥታ በሩን ስትዘጋ፣ የአባባ ይመር መልስ በሳንቃው ውስጥ አልፎ ተሰማት፤ «አይሆንም ልጄ፣ ሲሰፍሩበት የረዘመ ሳጥን ሲሰፈሩበት አያጥርም።»